የፍሬ ዛፎች እንቅልፍና የሚያነቃቸው ብርድ

በደጋው አገራችን ፖም፣ ኮክ፣ ፕሪም፣ ይህንም የመሰለ ከብርድ አገር የመጣ የፍሬ ዛፍ ለመትከል ብዙ ሰው መነሣቱ የታወቀ ነው። የወረዳው ሹም ችግኝ ያስመጣል፤ ባለ እርሻውም ከገብሱ ወይም ከባቄላው መሬት ከፍሎ ይተክላል፤ አጥር ያጥራል፤ ፍግ ያለብሳል፤ በበጋም ውሃ ተሸክሞ ያጠጣል። ዛፉ ያድጋል፤ ቅጠሉም ያምራል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ግን አበባ ሲጠበቅ አንድ በዚህ አንድ በዚያ ብቻ ብቅ ይላል፤ ቅርንጫፉም ከጫፉ በቀር ራቁቱን ይቀራል። በዚህ ጊዜ አንዱ መሬቱን ይወቅሳል፤ ሌላው የገበሬውን ስንፍና ያነሣል፤ ዐይን በላው የሚልም አይጠፋም። እውነተኛው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ሁሉ የራቀ ነው፤ ይኸውም ዛፉ ከእንቅልፉ የሚነቃበትን ያህል ብርድ ሳያገኝ መቅረቱ ነው። ነገሩ ሹማምንትን የሚመለከትበት ምክንያት አለ፤ ስሕተቱ የሚሠራው ገና ችግኙ ሲመረጥ ሲሆን የሚታወቀው ግን የገበሬው መሬትና የአምስት ዓመት ድካም ካለፈ በኋላ ነው።

አስቀድሞ ስለ አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ከውጭ አገር መጻሕፍት ሲተረጐም የፍሬ ዛፍ «የክረምት ብርድ» ይሻል ይባላል። የእኛ ክረምት ግን የዝናም ወራት እንጂ የብርድ ወራት አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ቀኑ ደመና ነው፤ ሌሊቱም ለዘብ ያለ ነው፤ ደመናው የምድሩን ሙቀት እንደ ጋቢ ሸፍኖ ይይዘዋልና። ሰማዩ ሲጠራ ግን፣ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር፣ የምድሩ ሙቀት ሌሊቱን ወደ ላይ ያመልጣል፤ ጠዋትም ሣሩ በበረዶ ነጥቶ የሚታይበት ስፍራ አለ። ስለዚህ ለፖም ዛፍ «ክረምት» የሚባለው የእኛ በጋ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው በሐምሌ ራሱን ሲበርደው ዛፉም ብርድ የጠገበ ይመስለዋል።

የአበባው እንቡጥ የሚፈጠረው አበባው በሚታይበት ወራት አይደለም። ዛፉ ገና ቅጠልና ፍሬ ተሸክሞ ሳለ የሚመጣው ዓመት አበባ በጥቃቅን ልባስ ተጠቅልሎ በቅርንጫፉ ላይ ይዘጋጃል። ከተዘጋጀም በኋላ ይተኛል፤ እንቅልፉም ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ደረጃ እንቡጡን የሚከለክሉት ቅጠሉና የቅርንጫፉ ጫፍ ናቸው፤ ቅጠሉ ቢረግፍ ወይም ጫፉ ቢቈረጥ እንቡጡ ወዲያው ይነሣል። በሁለተኛው ደረጃ እንቅልፉ ከራሱ ከእንቡጡ ውስጥ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ ሙቀትም ውሃም ቢሰጠው አይነቃም፤ ይህን ጥልቅ እንቅልፍ የሚፈታው ብርድ ብቻ ነው። በሦስተኛው ደረጃ ብርዱን ጠግቧል፤ የሚጠብቀውም ሙቀትን ብቻ ነው። ይህ የሦስት ደረጃ ነገር ወደ ፊት ለምንናገረው ሥራ መሠረት ስለ ሆነ በልብ ሊያዝ ይገባል።

ዛፉ እንዲህ ሆኖ የተፈጠረው በከንቱ አይደለም። በብርድ አገር በጥር ወር ሦስት ወይም አራት ቀን ሙቀት ሊመጣ ይችላል። ዛፉ ያን አምኖ ቢያብብ በሳምንቱ የሚመለሰው ውርጭ አበባውን ሁሉ ይፈጀዋል። ስለዚህ ሙቀቱን ሳይሆን ያለፈውን ብርድ ይቈጥራል፤ የብርዱ ቍጥር ሳይሞላ የሚመጣን ሙቀት አያምንም። ለእኛ አገር ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። የቡና እንቡጥ በበጋ ተዘግቶ ይቈይና የመጀመሪያው ዝናም ሲጥልበት ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ነጭ ሆኖ ይፈነዳል። የቡናው ምልክት ዝናም ነው፤ የፖሙ ምልክት ብርድ ነው።

ብዙ የብርድ አገር ዛፎች የሚተኙት የቀኑን ማጠር አይተው ነው። በእኛ አገር ግን በዓመቱ ረጅም ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለ ሆነ ይህ ምልክት ደካማ ነው። ፖምና ፒር በዚህ ረገድ ይለያሉ። በ2005 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) የታተመ ምርምር እንዳሳየው ሁለቱን የሚያስተኛቸው የቀኑ ርዝመት ሳይሆን ከ12 ዲግሪ ያነሰ ብርድ ነው፤ የሚያነቃቸውም ብርድ ነው። ብርድ ያስተኛል፤ ብርድ ያነቃል፤ አንባቢን ቢያስገርም አይፈረድበትም። በሜክሲኮ ደግሞ ከቶ የማይተኛ የኮክ ዛፍ ተገኝቷል፤ በዘሩም ውስጥ ሲመረመር በተከታታይ ከተቀመጡ ስድስት ዘረ መሎች ከፊሎቹ ጐድለውት ታየ። በዚህም እንቅልፉ ከዛፉ ተፈጥሮ ውስጥ እንጂ ከእርሻው ጕድለት እንዳልሆነ ታወቀ።

ይህን ሁሉ በዐይን በሚታይ ነገር ያስረዱት በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የዕፀዋት ሊቅ የነበሩት ፍሬድሪክ ኮቪል ናቸው። እኚህ ሊቅ ብሉቤሪ የሚባለውን ሰማያዊ ፍሬ የሚሰጥ የዱር ቍጥቋጦ ወደ እርሻ ለማምጣት ይደክሙ ነበር። ቍጥቋጦውን ከብርድ ለማዳን በሚሞቅ የመስታወት ቤት ቢያኖሩት በጸደይ ሳያቈጠቍጥ ቀረ፤ በውጭ ብርድ ሲመታው የከረመው ግን ለመለመ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ በአጋጣሚ ያሳብበው ነበር። ኮቪል ግን አንድ ተክል ወስደው ግንዱን በሞቀው ቤት ውስጥ አስቀመጡ፤ አንዱን ቅርንጫፍ ብቻ በመስታወቱ ቀዳዳ ወደ ውጭ አወጡት። ሥሩ አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ ውሃው አንድ ነው። ጸደይ በደረሰ ጊዜ ወደ ውጭ የወጣው ቅርንጫፍ ቅጠል አወጣ፤ በውስጥ በሙቀት የከረመው የዚያው ተክል ክፍል ግን እንደ ደረቀ እንጨት ሆኖ ቀረ። በ1920 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህ ከነፎቶግራፉ ወጥቷል። ከዚህ ፈተና የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው፤ ብርዱ የሚቈጠረው በሥር ሳይሆን በእያንዳንዱ እንቡጥ ላይ ነው፤ የመሬቱም ደግነት የጐደለውን ብርድ ሊተካ አይችልም። ፍግ ጨምሩበት እያለ ገበሬውን የሚያደክም ሠራተኛ ይህን ቅርንጫፍ ቢያስብ መልካም ነበር።

ብርዱ በምን ይለካል ቢሉ የመጀመሪያው መለኪያ ቀላል ነው። በአሜሪካ በጆርጂያ ስለ ኮክ ይመራመሩ የነበሩት ዋይንበርገር በ1950 እንደ ገለጹት ከ7 ዲግሪ ከጥቂት በታች የሆነው ሰዓት ሁሉ ተደምሮ ይቈጠራል፤ የዛፉም ዐይነት በዚሁ ቍጥር ይለያል። በብርድ አገር ከሚተከሉት የፖም ዐይነቶች ብዙዎቹ ወደ 1,000 ሰዓት የሚደርስ ብርድ ይሻሉ፤ ጥቂት ብርድ የሚበቃቸው ግን ከ200 እስከ 300 በሚሆን ሰዓት ይነቃሉ።

ይህ ቍጥር ግን ቀን ለሚሞቅበት አገር አይበቃም። በ1974 የዩታ ሊቃውንት ሌላ አቈጣጠር አወጡ። በዚህ አቈጣጠር ከ2.5 እስከ 9 ዲግሪ ያለው ሰዓት ሙሉ ይቈጠራል፤ ከ12.5 እስከ 16 ያለው ምንም አይቈጠርም፤ ከ16 በላይ የሆነው ደግሞ ከተጠራቀመው ላይ ይቀነሳል። በእኛ ደጋ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በአዲስ አበባ ማየት ይቻላል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ብርድ በአማካይ ከ7 እስከ 9 ዲግሪ ይደርሳል፤ የቀኑ ሙቀት ግን ወደ 23 ይወጣል። ሌሊቱ የሰጠውን ቀኑ ይነጥቀዋል።

እንዲህ ከሆነ በኢትዮጵያ ፖም ከቶ ባላፈራ ነበር ማለት ይመጣል፤ ነገር ግን ያፈራል። የዚህን ምክንያት በከፊል የገለጡት በእስራኤል የነበሩ ሊቃውንት ናቸው። በ1987 የተፈጸመው አቈጣጠራቸው በእህል ሊመሰል ይችላል። በአውድማ ላይ የተከመረ እህል ዝናም ቢመጣ ይበላሻል፤ ጎተራ የገባው ግን ከዝናሙ ድኗል። እንደዚሁም ብርድ በእንቡጡ ውስጥ የሚያጠራቅመው ነገር መጀመሪያ በአውድማ እንዳለ እህል ነው፤ ሙቀት ቢመጣ ይበተናል። በቂ ሆኖ ሲከማች ግን አንድ ድርሻ ሆኖ ጎተራ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ሙቀት አይነካውም። ስለዚህ የቀኑ ሙቀት ልከኛ በሆነበትና የብርዱ ሌሊት ረጅም በሆነበት ደጋ ዛፉ ጥቂት በጥቂት ድርሻውን ሊያስገባ ይችላል። ከፍታው 100 ሜትር በጨመረ ቍጥር ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ የላይኛውና የታችኛው ቀበሌ አንድ ዐይነት ችግኝ ሊሰጣቸው አይገባም።

እዚህ ላይ ብርድንና ውርጭን መለየት ያስፈልጋል። ዛፉ የሚሻው ቀዝቃዛ ሌሊት እንጂ የሚያቃጥል ውርጭ አይደለም፤ ከዜሮ በታች የሆነው ሰዓት በብርዱ ቍጥር ውስጥ አይገባም ወይም እጅግ ጥቂት ይቈጠራል። አበባ የፈነዳ ዛፍ ደግሞ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ሲደርስ አበባው መሞት ይጀምራል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ስለሚወርድ፣ ዙሪያው ከፍ ያለ ጐድጓዳ መሬት ብርድ የሚበዛበትም አበባ የሚቃጠልበትም ስፍራ ነው። የተሻለው ከጐድጓዳው ከፍ ያለው ተዳፋት ነው።

ብርድ የጐደለው ዛፍ የሚታወቅበት ምልክት አለው። አበባው ይዘገያል፤ ባንድ ጊዜ በመፈንዳት ፈንታም ለብዙ ሳምንት ይጐተታል፤ በአንዱ ዛፍ ላይ እንቡጥ፣ አበባና ያደገ ፍሬ አብረው ይታያሉ። ቅጠሉ በቅርንጫፉ ጫፍ ብቻ ይወጣል፤ መካከሉ ባዶ ይቀራል። የኮክ ዛፍ ደግሞ ሳያብብ የአበባውን እንቡጥ ያረግፋል። ሁለት ዐይነት ፖም በአበባ ብናኝ እንዲረዳዱ ጎን ለጎን ቢተከሉና አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ቢያብብ ሁለቱም ሳያፈሩ ይቀራሉ። እነዚህን ምልክቶች የሚያውቅ የእርሻ ሠራተኛ ገበሬውን ከመውቀሱ በፊት የችግኙን ስም ይጠይቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ጥቂት ብርድ የሚበቃውን ዐይነት መትከል ነው። በዚህ ረገድ ሁለት ፖሞች በዓለም ታውቀዋል። አንደኛው አና የሚባለው በእስራኤል በዓይን ሸመር ኪቡጽ፣ ከሜዲትራንያን ባሕር በማይርቅ ሞቃት ሜዳ፣ በማዳቀል የተገኘ ነው። ሁለተኛው ዶርሴት ጎልደን የሚባለው ደግሞ ውርጭ በማይታወቅበት በባሃማ ደሴቶች በናሶ ከተማ ወይዘሮ አይሪን ዶርሴት ከዘሩት የፖም ፍሬ የበቀለ ነው። አና ብቻውን ሲተከል በደንብ ስለማያፈራ፣ ዶርሴት ጎልደንም በአንድ ወራት ስለሚያብብ፣ ሁለቱ አብረው ይተከላሉ። የወይዘሮዋ ዕድል ግን ሌላውን ሊያታልል አይገባም፤ ከፍሬው የበቀለ ፖም ወላጁን አይመስልም፤ ከብዙ መካከል መልካም የሚወጣው አንድም ላይሆን ይችላል። ችግኝ በማዳቀል ካልተዘጋጀ ብዙ ዛፍ ለማሰራጨት አይበቃም።

በአገራችን የፖም ተክል የተስፋፋበት ዋና ስፍራ በጋሞ ደጋ ያለው ጨንቻ ነው። ከአርባ ምንጭ ቆላ በላይ በ2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በዚህ አገር ሚስዮናውያን በ1950ዎቹ ፖም አስገቡ፤ ከዚያም በቤተ ክርስቲያን ድርጅትና በገበሬው ትጋት ተስፋፋ። የጨንቻ ሰዎች ማዳቀልን ተምረው ከፍሬው ይልቅ ችግኝ በመሸጥ ብዙ ገንዘብ ያገኙበት ጊዜ ነበር፤ ችግኛቸውም ወደ ሌሎች ደጋዎች ሄዷል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን ለጨንቻ ብርድ የተስማማው ዐይነት 500 ሜትር ዝቅ ብሎ ለሚገኝ ወረዳ ይስማማል ማለት አይደለም፤ በጨንቻ ከሚገኙት ዐይነቶችም አንዱ ጥቂት ሌላው ብዙ ብርድ ይሻል። ችግኙ «ከጨንቻ የመጣ ፖም» ተብሎ ብቻ ሲከፋፈል ከሁሉ የሚያስፈልገው የዐይነቱ ስም በመንገድ ይጠፋል።

ሁለተኛው ዘዴ የሚደንቅ ነው። በኢንዶኔዥያ በጃቫ ደሴት ባቱ በምትባል ስፍራ ገበሬዎች ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቀው፣ 1,000 ሜትር ግድም በሆነ ከፍታ ላይ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ፖም ይለቅማሉ። ከሚተክሉትም አንዱ ሮም ቢውቲ የሚባለው በብርድ አገር የኖረው ፖም ነው። ብርድ በሌለበት ይህ እንዴት ሆነ? ፍሬው ከተለቀመ አንድ ወር ያህል በኋላ ገበሬው የዛፉን ቅጠል ሁሉ በእጁ ይነቅላል፤ ቅርንጫፎቹንም በገመድ ስቦ ወደ ጎን ያጋድማቸዋል። ከላይ እንደ ተነገረው እንቡጡ ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው፤ የሚከለክለው ቅጠሉና ጫፉ ብቻ ነው። ቅጠሉ ሲነቀል፣ ጫፉም የበላይነቱን ሲያጣ፣ እንቡጡ ወደ ጥልቁ እንቅልፍ ሳይገባ ይነሣል። ያልተኛን መቀስቀስ አያስፈልግምና ብርድ አይጠየቅም። ሥራው ብዙ እጅ ይሻል፤ ጊዜው ካለፈ ግን ከንቱ ነው፤ ዛፉ አንድ ጊዜ በጥልቀት ከተኛ ቅጠል መንቀሉ አያስነሣውም። በእኛ ደጋ ሌሊቱ ከጃቫ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ዛፉ በከፊል ሊተኛ ይችላል፤ ስለዚህ የመንቀያው ቀን በየስፍራው በጥቂት ዛፍ ላይ ተፈትኖ ሊወሰን ይገባል እንጂ ከመጽሐፍ ሊገለበጥ አይገባም። አበባው በከባድ ዝናም ወይም በውርጭ ወራት ላይ እንዳይውልም ማስላት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው መንገድ መድኃኒት መርጨት ነው። ሃይድሮጅን ሲያናሚድ የሚባለው ፈሳሽ ብርዱ በከፊል የጐደለውን እንቡጥ እንደሚያነቃ የተረጋገጠ ሲሆን በብዙ አገሮች በወይንና በፖም እርሻ ላይ ተሠርቶበታል። ይሁን እንጂ መርዝነቱ ከባድ ነው፤ ቆዳንና ዐይንን ይጐዳል፤ ረጪው በዚያን ቀን ወይም በማግሥቱ ጠላ ወይም አረቄ ቢቀምስ ለሕይወቱ የሚያሠጋ ሕመም ያገኘዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2008 ይህን መድኃኒት ከተፈቀዱት ውጭ አድርጎታል። ጓንትና መሸፈኛ ለሌለው ገበሬ ማከፋፈል ፈጽሞ አይገባም።

ሞቃት ዓመት በበለጸገ አገር እንኳ ምን እንደሚያደርግ በ2017 በጆርጂያ ታይቷል። በዚያ ዓመት ብርዱ ወራት እጅግ ስለ ሞቀ ብዙ የኮክ ዛፍ በደንብ አልነቃም፤ አስቀድሞ ያበበውንም ዘግይቶ የመጣ ውርጭ መታው፤ ከአገሩ ኮክ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ጠፋ። ዋይንበርገር ብርድ የቈጠሩት በዚያው በጆርጂያ እንደ ነበረ ይታወሳል። የዓለም ሙቀት በሚጨምርበት በዚህ ዘመን የፖም ዛፍ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ስለሚኖር፣ ዛሬ የሚተከለው ዐይነት በአማካዩ ዓመት ብርድ ሳይሆን በሞቃቱ ዓመት ብርድ ሊመረጥ ይገባዋል።

ለቍጥቋጦ ፍሬዎችም ነገሩ ያው ነው፤ መፍትሔው ግን ይቀላል። እንጆሪ ስንል የኖርነው በደጋው ቍጥቋጦ ውስጥ የሚበቅለው እሾሃማው ተክል የአገሩ ልጅ ስለ ሆነ የባዕድ አገርን ብርድ አይጠብቅም፤ ዛሬ በዚሁ ስም የሚጠራው በመሬት ላይ የሚሳበው የውጭ አገር እንጆሪ ግን ጥቂት ብርድ ይጠቅመዋል። እንጆሪ ከዛፍ የሚሻልበት ብርዱን በሌላ ስፍራ አስጠግቦ ማምጣት ስለሚቻል ነው። በካሊፎርኒያ ችግኙ በከፍተኛ ተራራማ ስፍራ ይበቅላል፤ የመጀመሪያው ብርድ ሲመታው ይነቀልና ወደ ሞቃቱ የባሕር ዳርቻ ወርዶ ይተከላል። ደጋና ቆላው በአንድ ቀን መንገድ በሚገናኙበት አገራችን ይህ ዘዴ ሊሞከር የሚገባው ነው። ብሉቤሪም ቢሆን የፍሎሪዳ ሊቃውንት ከዚያ አገር ሁልጊዜ ለምለም ከሆነ የዱር ዘመዱ ጋር በማዳቀል ጥቂት ብርድ የሚበቃው አድርገውታል፤ ኾኖም ኮምጣጣ አፈር ካላገኘ አይሆንለትም።

ችግኝ ለማከፋፈል ያሰበ ወረዳ እንግዲህ ከግዢው በፊት የዐይነቱን ስም በጽሑፍ መቀበል፣ ስሙንም በእያንዳንዱ ችግኝ ላይ በማይጠፋ ምልክት ማሰር፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ዐይነት ጥቂት ጥቂት ዛፍ በላይኛውና በታችኛው ቀበሌ ተክሎ አበባውን ማየት ያስፈልገዋል። ሺሁ ችግኝ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሌሊቱን ዝቅተኛና የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት የሚይዝ መለኪያ ዋጋው ቀላል ነው፤ ማንበብ የሚችል ተማሪ ሊጠብቀው ይችላል። መለኪያው በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ዛፉ በሚተከልበት መሬት፣ ከምድር አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ፣ ፀሐይ እንዳያገኘው ተከልሎ አየር ግን በሚያልፍበት ስፍራ ይሰቀላል። በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት ይነበባል፤ ከጥቅምት መባቻ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው ቍጥርም በመዝገብ ተጽፎ ለሚቀጥለው ሹም ይተላለፋል።